የሮቤል ሁለት ስኪዎች

ጅጅጋ ተቀምጠን ስለ ስኪ ስናወራ ያስቃል አይደል? እኛ በረዶ የምናውቀው ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ነው። ግን ሮቤል ተክለማርያም አለን፤ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።

በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ 15 ኪሎ ሜትሩን የተወዳደረው በክላሲክ ስልት ነው። የክላሲክ ስኪ ረጅም ነው፤ ሁለት ሜትር ገደማ። መሃሉ ወደ ላይ ጎበጥ ይላል፤ ሲረግጡት ወርዶ በተቀባው ሰም በረዶውን ይይዛል፤ ልክ እንደ እርምጃ።

በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ርቀቱ ያው ሆኖ ስልቱ ነጻ ሆነ። በነጻው ስልት እግር ወደ ጎን እየገፋ ስለሚሄድ፣ ጭራው እንዳይጠላለፍ ስኪው አጠር ይላል። ኦሎምፒክ ለዚህ ስልት የራሱን ውድድር የሰጠው በ1980 ዓ.ም. ካልጋሪ ላይ ነው።

ታዲያ "አጭሩ መጣ፣ ረጅሙ አረጀ" የሚሉ አሉ። እኛን አልዋጠልንም፤ ሁለቱም ዛሬም ይሮጥባቸዋል። ሮቤል አገር ቤት ሲለማመድማ ስኪው ጎማ ነበረው፤ በረዶውም አስፋልት!