ቁርጥማትና እንፋሎት በምዕራብ ጎጃም

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት እናት «ሰውነቴን ይቆራርጠኛል፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ የለኝ» ብላ ብትናገር ጎረቤቷ ብዙ አትመረምራትም። «ብርድ ገብቶሽ ነው፣ ታጠኚ» ትላታለች።

ውሃው በትልቅ ድስት ይጣዳል፤ ቅጠል ይጨመርበታል። ሲንተከተክ ይወርድና በርጩማው ፊት ይቀመጣል፤ ታማሚዋም ጎንበስ ብላ በጋቢ ትሸፈናለች። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የጋቢውን ጠርዝ ሌላ ሰው መሬት ላይ ይይዝላታል። ላብ ሲያጠምቃት ነፋስ ሳይመታት ተጠቅልላ ትተኛለች።

ቅጠሉ ዛሬ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ብዙ ሰው የቅድመ አያት መድኃኒት አድርጎ ያየዋል፤ ዛፉ ግን ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም ነው። ልማዱ ከዛፉ የሚቀድም ይመስላል፤ ዳማከሴን የሚመርጡ ዛሬም አሉ። ከእንፋሎት የከፋም ነበር፦ የሚያመውን ቦታ በጋለ ብረት መተኮስ። ትቶት የሚሄደው ጠባሳና ቁስል ነውና ይህኛው ቢቀር ይሻላል።

ምዕራብ ጎጃም የውሃ ድሃ አይደለም። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ያየው የግዮን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይ፣ እዚሁ ሰከላ ውስጥ ነው፤ በጠበልነቱም የታወቀ ነው። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። ፍል ውሃ የፈለገ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው ዋንዛዬ መዝለቅ ነበረበት፤ አለዚያም ሸዋ ድረስ። ሸዋ ላይ ሙቅ ውሃ ከተማ አስቆርቁሯል፤ በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መንገድ መውጣት ላልቻለ የጎጃም ገበሬ ግን ፍል ውሃው የቤቱ ድስት ነበር።

«ቁርጥማት» የሚባለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ከውስጡ አንዱ መላ አካልን የሚያም፣ እንቅልፍ የሚነሳና የሚያዝል፣ በራጅም በደም ምርመራም የማይታይ ሕመም ነው፤ ፋይብሮማያልጂያ የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ሐኪሞች 18 የሰውነት ነጥቦችን እየተጫኑ ቢያንስ 11ዱ ካመሙ በሽታው ነው ብለው መለኪያ አወጡ፤ በ2010 ይህን የመጫን ምርመራ የማይጠይቅ ሌላ መለኪያ አቀረቡ። እስከዚያ ድረስ «የሚታይ ነገር የለብሽም» ተብለው የተመለሱ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። የቡሬዋ ጎረቤት ማስረጃ ሳትጠይቅ ድስት መጣዷ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሙቀት ለምን ያሳርፋል? ጡንቻን ያላላል፣ የደም ዝውውርን ያፋጥናል፤ በነርቭ በኩልም የሕመሙን መልእክት ያደበዝዛል። ነርቭ ሙቀትን እንዴት እንደሚያውቅ የተደረሰበት ደግሞ በበርበሬ ነው። ሳይንቲስቱ ዴቪድ ጁሊየስ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ካፕሳይሲንን ተከትሎ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ የሚነቃውን የነርቭ ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 አገኘ፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ጆንያ ሲፈታ ዓይኑን የሚያስለቅሰውም ይኸው ካፕሳይሲን ነው።

የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር አጥብቆ ያዘዘው የሰውነት እንቅስቃሴን ብቻ ነው፤ የሙቅ ውሃ ሕክምናን ደግሞ ለዘብ አድርጎ ደግፏል። ስለዚህ የታጠነችው እናት በማግሥቱ ቀስ ብላ መራመድም አለባት። ስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ግን ቃጠሎው ሳይሰማው ሊቆስል ስለሚችል፣ የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት።