በሽታው ሲቀድም፣ ወሬው ሲቀድም

በድሮው ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር መግቢያው «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚል ነበር። አባባሉ ሲታይ የቤተ መንግሥት ወግ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ወረርሽኝ በገባ ቁጥር ማን እንደሚጠነቀቅ፣ ማን እንደሚዘናጋ፣ ማንስ ምን እንደገደለው ሳያውቅ እንደሚቀበር የሚለየው ይኸው የመስማትና ያለመስማት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሕዝብ በወረርሽኝ የመጀመሪያ ቀናት የሚያሳየውን ጠባይ መመርመር የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ቀድሞ የደረሰው የትኛው ነው? በሽታው ወይስ ወሬው?

ይህን ጥያቄ ከዋና ከተማ ይልቅ ከመንገድ ዳር ከተማ ሆኖ መመለሱ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ወልቂጤን አልፎ፣ ወደ ግቤ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ ሳጃን፣ ቀጥሎም ሰኮሩን ያገኛል። ከዚያ አሰንዳቦንና ሰርቦን አልፎ ጅማ ይገባል። የሰኮሩ ኑሮ ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውም ሆነ ሸቀጥ ጭኖ ወደ ጅማ የሚወርደው በደጇ ያልፋል። ገበያው፣ እንግዳው፣ ወሬውና በሽታው የሚመጡት በአንዱ መንገድ ነው።

የኬላ ልማድ

በዚህ አገር ለመንገድ ዘብ ማቆም የቆየ ነገር ነው። በጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ዘመን የአገሩ ዳርቻ በቦይና ሰው በማይሰፍርበት ባዶ መሬት የታጠረ ነበር። ወደ ውስጥ የሚዘለቀው በኬላ በር ብቻ ነው። ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍለው፣ እንግዳው «ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው እዚያ ነበር። ኬላው የተሠራው ለጦርነትና ለቀረጥ እንጂ ለበሽታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ክፉ ነገር የሚመጣው ከውጭ ነው፣ የሚገታውም በር ላይ ነው የሚለውን እምነት በሰው ልብ ውስጥ ያጸና ልማድ ነው።

አብዛኛው የጅማ ሕዝብ ሙስሊም ነው። በእስልምና ደግሞ ወረርሽኝ ወደ ገባበት አገር አትሂዱ፣ ካላችሁበት አገር ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚል የቆየ ትምህርት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ኬላ የሚያስቆመው እንግዳውን ብቻ ነው። ትምህርቱ ግን ባለአገሩንም ያስራል። በወረርሽኝ የመጀመሪያ ቀናት ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይወዳል፤ ሁለተኛው ይከብደዋል።

በሽታው የቀደመበት ኅዳር

ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. በአውሮፓ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ቆመ። በዚያው ወር፣ ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ሰው የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን አጠቃ። ባቡር ወደ ከተማይቱ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕዝቡም ስም ቢያጣለት በወሩ ጠራውና «የኅዳር በሽታ» አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ በጽኑ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፣ በከተማይቱና በአካባቢዋ የሞተውን ሰው ከ10 ሺህ በላይ ያደርሱታል።

አውሮፓ በወረርሽኝ እየታመሰ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች በቤተ መንግሥቱና በሌጋሲዮኖቹ ዙሪያ ሳይኖሩ አልቀሩም። ተራው ሰው ግን በሽታውን ያወቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠባይ ራስን የመጠበቅ ሳይሆን የመዳን ሩጫ ሆነ። ነጭ ሽንኩርት ተበላ፤ ፌጦ ተወቀጠ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጨሰ። የታመመ ወገንን መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሬሳ መሸኘት እንደ ወትሮው ቀጠለ። ይህ የሆነው ከድንቁርና አይደለም፤ ሌላ እንዲያደርግ የነገረው ስላልነበረ ነው። ኅዳር በደጋው እህል የሚታጨድበት፣ በጅማ በኩል ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። አዝመራ ደርሶ እያለ «ቤትህ ተቀመጥ» ቢባልስ ማን ይቀመጣል? ልማዱ የቆመው የሚያቆመው ሰው ሲያልቅ ነው። ቀባሪ ሲታጣ፣ ጉድጓዱም ሳይጠልቅ ሲቀር፣ ጅብ የሰው አስከሬን እስከ ማውጣት ደረሰ።

ከዚያ መከራ የቀረልን አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልማዱን ብዙ ሰው የሚያያይዘው ከዚያ ዓመት በሽታ ጋር ነው።

ወሬው ያልደረሰበት ሸለቆ

ሁለተኛው ወረርሽኝ ለሰኮሩ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በኦሞና በዴዴሳ ወንዞች ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ተነሣ። ኦሞ ማለት ከሰኮሩ ቁልቁል የሚታየው የግቤ ውኃ ወደ ታች ሲወርድ የሚጠራበት ስም ነው። በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በኋላ ባደረጉት ጥናት የታመመውን ሰው ወደ 100 ሺህ፣ የሞተውን ወደ 30 ሺህ ገምተውታል። በአፍሪካ በታሪክ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ክትባቱ በዓለም ላይ ከተገኘ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ታዲያ እንዴት ሳይሰማ ቀረ? በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የነጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ስለተደረገ የዋና ከተማው ጆሮ ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ነበር። በሸለቆዎቹ ውስጥ ሬዲዮ ብርቅ ነው፤ የጤና ጣቢያም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ግን በሽታውን የደበቀው ሌላ በሽታ ነው። ትኩሳት ሁሉ ወባ በሚባልበት አገር፣ ያውም ከሁለት ዓመት በፊት እጅግ የከፋ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ በፈጀበት አገር፣ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ የሞተውን ሰው ለይቶ «ይህ ሌላ ነው» የሚል ማን ነው? ስም የሌለው በሽታ አዋጅ አይታወጅለትም፤ ኬላም አይቆምለትም።

ደግሞስ ኬላ ቢቆም ምን ይፈይድ ነበር? ተመራማሪዎቹ በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ያስተላለፈችውን ትንኝ ፍለጋ ሄደው ያገኟት በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። እንሰት የሚተከለው ጓሮ ነው። ሰው ክፉውን ነገር ከመንገድ ሲጠብቅ፣ ክፉው ነገር ከቤቱ ጀርባ እየተፈለፈለ ነበር ማለት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ወሬው የቀደመበት መጋቢት

ሦስተኛው ገና ከአእምሯችን ያልጠፋው ነው። የኮሮና ወሬ ከቻይና ተነሥቶ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ከሁለት ወር በላይ በቴሌቪዥንና በስልክ ሲናፈስ ቆየ። መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። መጋቢት 4 ቀን ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ አዲስ አበባ ላይ በሽታው ተገኘበት ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚህ አገር ታሪክ ወሬ በሽታን ይህን ያህል ቀድሞ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠባይም በዚያው ልክ ነበር። ጭምብልና አልኮል ከየፋርማሲው ተሟጠጠ። ሎሚ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ናረ። ከ101 ዓመት በኋላ ፌጦ ተመልሶ ተወቀጠ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዲሉ፣ ጠዋት የተሰማ መድኃኒት ማታ ከገበያ ይጠፋ ነበር። ሰላምታ ከእጅ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ እግር ወረደ። የውጭ አገር ሰው ሲያልፍ «ኮሮና!» ብሎ መጮህና ማዋከብ መጣ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ መጋቢት 9 ቀን ዜጎቹን እስከ ማስጠንቀቅ ደረሰ። የወሩ ማብቂያ ላይ ክልሎች አገር አቋራጭ የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ። በየከተማው መግቢያ የሙቀት መለኪያ የያዙ ሰዎች ቆሙ። ኬላ ተመልሶ መጣ፤ ጥያቄውም ያው የድሮው ነው፤ «ከየት መጣህ?»

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም እንዲሁ። ጉዳዩ ለቡና አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ቡና ያለ ጎረቤት አይጠጣም። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ስንት ነገር ይወራል፣ ስንት ጠብ ይበርዳል፤ የታመመ የሚታወቀው፣ የተቸገረም የሚረዳው እዚያ ነው። ያም ሆኖ ሕዝቡ ታዘዘ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ምእመኑ በየቤቱ አሳለፈ፤ ከቀናት በኋላ የገባውን የረመዳን ጾምም ሙስሊሙ መስጊድ ሳይሰበሰብ ጀመረ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በታወጀበት ቀን በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ታማሚ 60 አይሞላም ነበር። አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ ሲያበቃ ቁጥሩ ከ50 ሺህ አልፏል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ በአንድ ቀን ብቻ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይመዘገብ ነበር። ጠባያችን ግን የተገላቢጦሽ ሄደ። 60 ታማሚ በሌለበት ጊዜ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። በቀን 2 ሺህ ሰው ሲያዝ ሠርጉ ሞልቷል፣ የለቅሶው ድንኳን ሞልቷል፣ ጭምብሉም ከአፍንጫ ወርዶ አገጭ ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህን አይቶ «ሕዝባችን ግድየለሽ ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። የዕለት ጉርሱን ከመንገድ የሚያገኝ ሰው፣ ሻይ ቤት ያለው፣ ዳቦ የሚያዞር፣ ጫኝና አውራጅ፣ ለአንድ ወር ይታገሣል፤ ለአንድ ዓመት ግን አይችልም። ደግሞም የፈራው ነገር ወዲያው ስላልመጣ የተነገረው ሁሉ ውሸት መሰለው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ከንቱ ነበር ማለትም አይደለም። በተገኘው ጊዜ፣ መጀመሪያ በአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ ይካሄድ የነበረው ምርመራ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ወደ ክልሎች ወርዷል። ችግሩ ወሬው ስንቁን በመጀመሪያው ወር ጨርሶ መገኘቱ ነው። ቀድሞ የሚደርስ ወሬ ቀድሞ ያልቃል።

ጆሮ ወዴት ይዙር?

በዚያው በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የሆነ አንድ ነገር ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አገር በሙሉ ስለ ኮሮና ሲያወራ፣ ከግቤ ማዶ በጉራጌ ዞን እነሞርና ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ነበር። ያ የ1953ቱ በሽታ ነው፤ እንሰቱም ያው እንሰት። የዚህን ጊዜ ግን ነገሩ የተለየ ሆነ። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ ታማሚዎች ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ በሽታው በስሙ ተጠራ፤ ክትባትም ደረሰ። አዋጅም፣ ጭንቀትም፣ ዋጋው የናረ ሎሚም አልነበረም። በሽታውን በጊዜ የገታው ትኩሳትን ሁሉ ወባ ሳይል የጠረጠረ የጤና ባለሙያ ጆሮ ነው።

ከሰኮሩ አጠገብ ያለው የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ቦር ተራራ ወጥቶ የመድኃኒት ዕፀዋት ይለቅማል። በሽታ ሲመጣ አይደለም የሚወጣው፤ ቀኑ ሲደርስ ነው። ዕፀዋቱ የትኛውን ሕመም እንደሚያድኑ የሳይንስ ጉዳይ ነው። ልማዱ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ቀን የተቆረጠለት ዕውቀት ፍርሃት ሲበርድ አብሮ አይበርድም። ለኅዳር በሽታም ኅዳር 12 አለለት፤ ጭሱ በሽታውን ባያባርር እንኳ ልጅ አባቱን «ለምንድን ነው የምናቃጥለው?» ብሎ ይጠይቃል።

በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆ ለሞቱት 30 ሺህ ሰዎች ግን የሚታጠንበት ቀን የለም። ለኮሮና ሙታንም ገና አልቆረጥንላቸውም፤ በይፋ የተመዘገቡት ብቻ ከ7 ሺህ 500 ይበልጣሉ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። ወሬውንማ በሦስቱም ጊዜ፣ ቀድሞም ይሁን ዘግይቶ፣ ሰምተነዋል። ያጎደልነው መላውን ነው። መላው ደግሞ ሁሉም በሚፈራበት በመጀመሪያው ሳምንት አይገኝም። የሚገኘው ማንም በማይፈራበት በተራው ዓመት፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ፣ በእድሩ ስብሰባ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከሁሉም በላይ በየጓሮው ነው።