አስተማሪውን ማን ያስተምረዋል?

ባለፈው ተርም አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከመካከላችን አንዱን «ቲቸር፣ አንተንስ ማን አስተማረህ?» ብሎ ጠየቀው። ክፍሉ ሳቀ። ባልደረባችን ግን መልስ አጥቶ ጥያቄውን ወደ መምህራን ክፍል ይዞልን መጣ። እኛም አልሳቅንም። አብዛኞቻችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን ነን። ማስተማርን የተማርነው በአምስት ቀን ሥልጠና ነው። ሰርተፊኬቱ አለ፣ የሥልጠናው ወረቀት የት እንደገባ ግን እንጃ። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ይህንኑ ጥያቄ እንዴት ለመመለስ እንደሞከረ ልናወጋችሁ ፈለግን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ሲሆኑ አብዛኞቹ መምህራንም ከውጭ የመጡ ነበሩ። ሌላ ምርጫም አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት ከተማሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን ጣሊያን በተለይ ከየካቲት 1937 በኋላ ፈጅቷቸዋል። መጽሐፉስ? በእንግሊዝኛ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚገኘው እንደ ዋሊስ ባጅ የ1928ቱ ሁለት ቅጽ ያለ የውጭ ሰው ሥራ ነበር። በአማርኛ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የጻፏቸው የታሪክ መጻሕፍት ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶችም ተምረውባቸዋል። ኮሌጁ ግን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ የራሱን አገር ታሪክ ለመማር የተቀመጠ ልጅ መምህሩም መጽሐፉም ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ ማለት ነው።

ተቋሙ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተጨመረለት። በእነዚያ ዓመታት ወጣት ምሁራን ለዶክትሬት ወደ ውጭ ሄዱ። ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ጀርመን አገር ቦን፣ ታደሰ ታምራትና መርዕድ ወልደ አረጋይ ደግሞ ለንደን ተማሩ። የሄዱት የአምስት ቀን ሥልጠና ለመውሰድ አይደለም። ዓመታት ተሰጥቷቸው፣ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶላቸው፣ የራሳቸውን አገር ጉዳይ መርምረው ተመልሰው ማስተማር ነው። ታደሰ ለምሳሌ በብራና የተጻፉ ገድላትን እንደ ታሪክ ምንጭ አገላብጠው የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ጻፉ። በ1972 የሥርግውም የታደሰም መጽሐፍ ታተመ። የሥርግው እስከ 1270 ይሄዳል፤ የታደሰ ከ1270 ተነስቶ እስከ 1527 ይዘልቃል። አንዱ ባቆመበት ሌላው ይቀጥላል እኮ! መምህሩ ሲለወጥ የሚያስተምረው ነገር አብሮ ተለወጠ።

እኛን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍሉ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን የመመረቂያ ጥናት ያሠራቸው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ሲኒየር ኤሴይ የምትሉት ነው። ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ሄደው ሽማግሌ ጠየቁ፣ የከተማና የባላባት ቤት ታሪክ መዘገቡ። ያልታተሙ፣ በታይፕ የተጻፉ ወረቀቶች ናቸው። ሆኖም ትልልቅ ፕሮፌሰሮች በኋላ ሲጽፉ የእነዚህን ተማሪዎች ሥራ እንደ ምንጭ ጠቅሰዋል። ተማሪው መምህሩን አስተማረው ማለት ነው። የ7ኛ ክፍሉ ልጅ ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ ጋ ሳይኖር አይቀርም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ከ1974 ጀምሮ ተማሪውና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ፤ መደበኛው ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። ብዙ የውጭ መምህራን ሄዱ፣ ከኛዎቹም የሞተ ሞተ፣ የተሰደደ ተሰደደ። ዩኒቨርሲቲው በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የኮሌጅ መምህርን አገር ውስጥ ማፍራት ግድ ሆኖ ነበርና። ለንደን ተምረው የተመለሱት ባሕሩ ዘውዴ በ1991 ያሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ስንት ክፍል ውስጥ በፎቶ ኮፒ እንደተነበበ ቆጥረን አንጨርሰውም። ግን በ1993 ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ሰው ለማፍራት አርባ ዓመት የፈጀውን ለመበተን አንድ ደብዳቤ በቃ።

በ2003 ለመምህራን አሠልጣኞች ኤች.ዲ.ፒ. የሚባለው የአንድ ዓመት ፕሮግራም ተጀመረ። የኮሌጁ መምህር የራሱን አስተማመር እንዲመረምር፣ አሳታፊ ዘዴ እንዲጠቀም፣ ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲያይና ተግባራዊ ምርምር እንዲሠራ ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ ተማሪ በነበርንበት ግን አንዳንዱ መምህር «በቡድን ሥሩ» ብሎን የሚወጣበት ሰበብ ሆኖ አይተናል። ሌላው ደግሞ እውነትም ተለውጦበት፣ ስማችንን ይዞ፣ ያልገባንን ሳይሰለች ይጠይቅ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ሁለተኛው ለራሱ ትምህርት አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ነበር። የመጀመሪያው የያዘው ኖት የድሮ ነው።

በሚቀጥለው ወር እዚህ ካምፕ ደግሞ ሥልጠና ይመጣል ተብሏል፤ እንሄዳለን። ከዚያ ጋር ግን ፕሮጀክቱን ሁለት ነገር ጠይቀናል፦ ለእያንዳንዱ መምህር በሳምንት ሁለት ነፃ ክፍለ ጊዜ ለዝግጅት፣ እና ጥቂት ደርዘን ደብተር። ክፍለ ጊዜው ላይ ገና መልስ አልመጣም። ደብተሩ መጥቷል።

ስለዚህ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ብሎካችሁ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት የመጡበትን ከተማ፣ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የተጓዙበትን መንገድ እንዲነግሯችሁ ጠይቁና ጻፉ። በምትችሉት ቋንቋ ይሁን። ስሜ አይጻፍ ካሉ እንዳትጽፉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል አምጡልን፤ ለሚቀጥለው ተርም የታሪክ ክፍለ ጊዜ የምንዘጋጀው ከእሱ ነው።