ብርብራና መንጠቆ

ከጮቄ ተራራ የሚመነጩት የሱሃና የሙጋ ወንዞች የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ አቋርጠው ዓባይ በረሃ ይገባሉ። አካባቢው የእርሻ አገር ነው። የቢቸና ስም በየገበያው የሚነሣው በጤፉ እንጂ በዓሣው አይደለም። ለሞጣ ሰውም ዓባይ መሻገሪያ እንጂ ጓዳ አልነበረም። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ጊዜ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከሥሩ ስለሚዋኘው ዓሣ ግን ብዙም አልተጻፈም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ይከለክላል። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ቅርፊት የለውም። በዓባይ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ተመችቶት የሚኖረው፣ መንጠቆም ቶሎ የሚይዘው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ የደጋ ክርስቲያን ወደ ማዕዱ አያቀርበውም ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አለ።

ክረምት ሲገባ ወንዞቹ የደጋውን አፈር ይዘው ይደፈርሳሉ። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ዐይን እምብዛም አይረዳም፤ አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በረጃጅም ጢሞቹና በማሽተት ነው። ስለዚህ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ነገር ሽታው ከውሃው ጋር መጓዝ አለበት። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ ቆመው ኮድ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችም እንደ ማኬሬልና ሄሪንግ ያሉ ቅባታም ዓሦችን ቆርጠው መንጠቆ ላይ የሚሰኩት ለዚሁ ነው። ከሥጋው የሚወጣው ቅባትና ጭማቂ በውሃው ላይ መንገድ ያበጃል፤ ዓሣውም መንገዱን ተከትሎ ይመጣል።

በዓባይ ላይ ይህ ጥበብ ምን ያህል እንደ ረቀቀ ከጻፉት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የወንዙን ምንጭ አይቷል፤ የጉዞ መጽሐፉም በ1790 በአምስት ቅጽ ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የላይኛው ግብፅ አጥማጆች ቢኒ የሚባለውን ዓሣ እንዴት እንደሚይዙ በዝርዝር ያስረዳል። አጥማጆቹ ዘይት፣ ሸክላ አፈር፣ ዱቄትና ማር ከገለባ ጋር ይለውሳሉ። በሊጡ ውስጥ የተቆራረጠ ቴምር ይበትናሉ፤ በመሐሉም ቴምር የተሰካባቸውን በርካታ መንጠቆዎች ይቀብራሉ። ከዚያ በተነፋ የፍየል ቆዳ ላይ ሆነው ሊጡን ወንዙ መካከል ወስደው ይጥሉታል። የሲባጎው ጫፍ ዳርቻ ላይ ታስሮ ደወል ይንጠለጠልበታል። ዓሣው ሊጡን እየቆነጠረ ቆይቶ መንጠቆውን ሲውጥ ደወሉ ይጮኻል። አጥማጁ እስከዚያ ድረስ ሌላ ሥራውን መሥራት ይችላል።

ይህ ቢኒ በጣና ሐይቅ ውስጥ ነጭ ዓሣ እየተባሉ ለሚጠሩት ዓሦች የቅርብ ዘመድ ነው። ጣናን ከታችኛው ዓባይ የሚለየው 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሆነ፣ የሐይቁ ነጭ ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሆነዋል። በሞጣና በቢቸና ሥር የሚያልፈው ዓባይ ግን ከፏፏቴው በታች ነው።

በጣና ዳርቻ ዓሣን በሚገባ የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ይርቋቸው ስለነበር ሙያቸውም አብሮ ተናቀ። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ስለ ዓሣ ብዙ የሚያውቀው ሰው ከገበሬው ጋር በአንድ ማዕድ ካልተቀመጠ ዕውቀቱ ከሐይቁ ዳርቻ አይርቅም።

ታንኳም መረብም የሌለው የወንዝ ዳር ሰው የያዘው ሌላ መንገድ ብርብራ ነበር። ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ በቡና አገር ለጥላ ይተከላል፤ ፍሬው ጠፍጣፋ ሆኖ በረጅም ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰውም በእጁ ይለቅመዋል። ሲባጎ አይገዛም፣ መንጠቆ አይሳልም፣ ትል አይቆፈርም። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ወንዝ ለሚወርድ ገበሬ ይህ ለምን እንደ ተመቸ መረዳት አያስቸግርም።

በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል። በዓሣው ስንጥብ በኩል ወደ ደሙ ገብቶ የሰውነቱ ሴሎች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል። ስለዚህ ዓሣው ኦክስጅን ባለው ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። የአማዞን ወንዝ ሕዝቦችና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎችም ይህንኑ መርዝ ከሌሎች ዕፅዋት እያወጡ ለዓሣ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ እ.ኤ.አ. በ1902 ከታይዋን ተክል ለይቶ ሮቴኖን የሚለውን ስም ሰጠው።

በመንጠቆና በብርብራ መካከል ያለው ልዩነት የድካም ብቻ አይደለም። መንጠቆው አንድ ዓሣ ይይዛል፤ ጉርሻው የተስማማው ብቻ ይመጣል፤ ትንሹ አፉ ስለማይበቃ ይተርፋል። ብርብራ ግን ጫጩቱን፣ ዕንቁላል ያዘለችውን እናትና ማንም የማይበላውን ሁሉ አንድ ላይ ይገድላል። ከመቶ የሚለቀመው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወርዳል።

ዕንቁላል ያዘለችው እናት ስትጠፋ ምን እንደሚደርስ የጣና ነገር በግልጽ አሳይቷል። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ተሰብስበው ሲጓዙ ለመያዝ ይቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ በየወንዙ አፍ የሚዘረጋው መረብ በዛ፤ ወደ ላይ ደግሞ ብርብራ የሚበትነው አልጠፋም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደ ቀነሰ መዝግበዋል። ዋናውን ጥፋት ያደረሰው መረቡ ነው፤ ብርብራን ብቻ መክሰስ ፍርድ ማዛባት ይሆናል። ነገር ግን መረብ ከመራቢያው ወንዝ አፍ ሊነሣ ይችላል፤ የተበተነ ዱቄት ግን አይሰበሰብም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ አዋጅ አውጥቷል። በሕግ በኩል የቀረ ነገር የለም። ቢቸናና ሞጣ ላይ የሚጎድለው አዋጁን ይዞ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ነው፤ ክረምት ሳይገባ፣ ዓሣው ወደ ወንዙ መውጣት ሳይጀምር፣ ከብርብራው ይልቅ መንጠቆና ሲባጎ ይዞ የሚሄድ፣ አምባዛ በምን ሽታ እንደሚመጣ ከጣና አጥማጆች ተምሮ ለገበሬው ልጅ የሚያሳይ የግብርና ባለሙያ።