«ዘበኛ የሌለው» እና «መዝጊያ የሌለው»

ሀዲድ ባልደረሰባቸው በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች «ባቡር» የእህል ወፍጮም ስም ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከፈረንሳይኛ «ለገሃር»፣ ከዐረብኛ «ሀዲድ» በአማርኛ ተለምደዋል። ሀዲድና መንገድ በአንድ ወለል የሚገናኙበትን ስፍራ ግን አንዳንዱ «መሻገሪያ»፣ አንዳንዱ «ማቋረጫ» ይለዋል። «መሻገሪያ» ድልድይንም ስለሚያሳስብ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ማቋረጫው ምልክት ብቻ የቆመበት፣ ዘበኛ የሚዘጋው ወይም በራሱ የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ዓይነት፣ በሁለቱ ሀዲዶች ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይተላለፋል፤ ባቡሩ ሲቃረብ የብረት እግሮቹ ሀዲዶቹን ስለሚያገናኙ ኃይሉ ወደ መቀበያው መድረሱ ይቀራል። ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ አግዳሚውም ይወርዳል። እንግዲህ ይህ «ዘበኛ የሌለው» እንጂ «መዝጊያ የሌለው» አይደለም። ተርጓሚው በደንብ ጽሑፍ ላይ ሁለቱን ቢያምታታ፣ አግዳሚ ይወርድልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሾፌር ምልክት ብቻ ባለበት ሳይቆም ያልፋል።