የእንጦጦው ቤትና የተራራው ዛፍ

ስለ አዲስ አበባ አቆራቆር የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሁሉ የእንጦጦን ስም ያውቃል። ከሚያውቁት መካከል ግን ወደ ላይ ወጥተው ቤቱን ያዩት ጥቂቶች ናቸው። እኛም ከማያዩት ወገን ሆነን ብዙ ዓመት ኖረናል። ተራራው ከመሥሪያ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት በየቀኑ ይታየናል፤ ደመና ሲጭነው ጃንጥላ እንፈልጋለን፤ ሲገለጥ ደግሞ እንረሳዋለን። በዐይን ቅርብ የሆነ ነገር ለእግር ሩቅ ሆኖ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

በአንድ ቅዳሜ ጧት ግን ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ጋራ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ላይ ወጣን። የሸማ ሱቆቹን እንዳለፍን መንገዱ ይቆለመማል፤ ነፋሱ ይለወጣል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በመኪናው መስኮት ይገባል። ከላይ ስንደርስ ጉባኤያችን ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ እንጦጦ ፓርክ፥ ወደ ፈረስ ግልቢያውና ወደ ቡና ቤቶቹ አቀኑ። ጥቂቶቻችን ግን አስቀድመን ወደ እንጦጦ ማርያም ቅጥር ዘለቅን፤ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያለው ከቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ ነውና።

ቤተ መንግሥት የሚለውን ቃል ሰምቶ የጎንደርን ግንብ ወይም በከተማ ያለውን ታላቁን ግቢ በልቡ ሥሎ የሚመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም። የሚያገኘው በእንጨት፥ በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በነጭ የተለሰነ፥ ሣር የተከደነ ቤት ነው። ጥገና እየተደረገለት ቆየ እንጂ አሠራሩ በገጠር ያለ ባለጸጋ ከሚሠራው ቤት በመጠኑ ካልሆነ በቀር በዓይነቱ የራቀ አይደለም። ከባልደረቦቻችን አንዱ በሩ ላይ ቆሞ «ይኸው ብቻ ነው?» አለ። እኛም መልስ አልሰጠነውም፤ የኛም ልብ ይህንኑ ብሎ ነበርና። ኋላ ግን ጥያቄው እየቆየ ወደ ሌላ ጥያቄ ተለወጠብን፤ ከዚህ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያን ያህል ነገር እንዴት ወጣ?

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸው በአንድ ስፍራ የጸና አልነበረም። ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ ከልቼም ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። ወደ እንጦጦ የወጡት በ1870ዎቹ ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው የጦር ሰው ምክንያት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ያለፈ ተራራ ላይ የሰፈረ ሠራዊት ጠላቱን ከሩቅ ያያል፤ መውጫውንም ለመጠበቅ አይቸገርም። ሁለተኛው የልብ ምክንያት ነው፤ የጥንት ነገሥታት በዚሁ ተራራ ላይ ከተማ ነበራቸው የሚለው የአባቶች ትውፊት ንጉሡን ስቦአቸዋል። ፍርስራሽ ተፈልጎ በተገኘም ጊዜ ነገሩ እንደ ትንቢት ፍጻሜ ተቈጠረ።

ነገር ግን ተራራ ለጦር የሚመቸውን ያህል ለኑሮ አይመችም። የእንጦጦ ብርድ ዛሬም ቢሆን ካፖርት ለብሶ የወጣውን ሰው ያንዘፈዝፋል። ክረምቱ ከባድ ነው፤ ነፋሱ ሣር ክዳኑን ይገልባል፤ መብረቁም አይጣል ነው። እህሉም፥ ውኃውም፥ እንጨቱም ከታች በሰው ጀርባና በአህያ ይወጣ ነበር። በዚህ ብርድ ውስጥ የውጭ አገር ነጋዴና መልእክተኛም ተራውን ይጠብቅ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ የመጣው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ከነዚህ አንዱ ነው። ንጉሡ ከሐረር ዘመቻ ድል አድርገው ሲመለሱ ዋጋው ተከራክሮበት፥ ገንዘቡንም ሐረር ሄዶ እንዲቀበል ታዞ፥ እንዳሰበው ሳያተርፍ ወረደ። በቅኔው ዓለም የሚያደንቀው ሰው በእንጦጦ ንግድ ግን አልቀናውም።

በዚያው በ1879 ዓ.ም. ነው ሌላው ነገር የተጀመረው። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውኃ እየወረደ መታጠብና መሰንበት ልማድ አድርጎ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የሜዳውን ልምላሜ፥ የአየሩን ሙቀትና የውኃውን ፈውስ አይተው በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ንጉሡም ፈቀዱ፤ ስፍራውንም እቴጌይቱ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚሁ ሜዳ ገበጣ ሲጫወቱ «የልጅ ልጄ እዚህ ከተማ ይሠራል» ብለው ነበር የሚል ንግርትም በየአፉ ይነገራል። ንግርቱን ለወደደው እንተወውና፥ እርግጡ ነገር ይህ ነው፤ የዚህች ከተማ መሠረት የተጣለው በአንዲት ሴት ምርጫ ነው። የዘመኑ የጦር ብልሃት ላይ ውጡ ሲል እርሳቸው ታች እንውረድ አሉ።

ይሁንና መውረዱ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ገና ከዚሁ ከላይ ሳሉ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላም እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ተጫነላቸው። ስምንት ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቃ ቆማለች። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ቤተ መዘክር የነገሥታቱን አልባሳትና ነጋሪት ለጎብኚው ያሳያል። ከአልባሳቱ ፊት ቆመን ስናይ በልባችን የመጣው ያ በዓል የተከበረበት ዘመን ነው። አገሩ ክፉ ቀን ላይ ነበር፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ ሕዝቡም በረኃብ እየረገፈ ነበር። ዘውዱ የተጫነው በጥጋብ ዘመን አይደለም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ተራራው እንዲሁ ዐርፎ የቀረ ይመስለን ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከተማይቱ ባደገች ቍጥር ተራራው ተራቈተ። ጥዱና ወይራው፥ ኮሶውም ለቤት ምሰሶ፥ ለአጥርና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት የመናገሻ ሰፈሮች ብዙዎቹ የተተዉት እንጨት ሲያልቅ ነውና የአዲስ አበባም ዕድል ከዚህ የሚለይ አይመስልም ነበር። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻውን በምዕራብ በኩል ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራው ተጀመረ። ሐሳቡ ቢለወጥ ጊዜ የተጀመረው ቤት ለቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ሐሳቡን ካስለወጡት ምክንያቶች አንዱ፥ እንግዳ ቢመስልም፥ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ የመነጨው ዛፍ ወደ አገራችን ገባ፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣም ባሕር ዛፍ ተባለ። ጥድ አንድ ትውልድ ሙሉ የሚፈልግበትን ቁመት ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሰዋል፤ ተቈርጦም ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ችግኙ እየታደለ በየግቢውና በየተራራው ገደል ተተከለ። ስለዚህ ዛሬ በእንጦጦ ላይ የምናየው ደን የፍጥረት ደን አይደለም። የተተከለ ነው፤ በግድ የተተከለ አትክልት ነው ቢባልም ስሕተት አይሆንም። ያ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባም እንደ ልቼ የድንጋይ ክምር ሆና በታሪክ መጽሐፍ ብቻ ትገኝ ነበር ብንል ብዙ አላጋነንም።

ባሕር ዛፍን ማመስገን ዛሬ ፋሽን እንዳልሆነ እናውቃለን። የግብርና ዐዋቂዎች ውኃ መጠጣቱን፥ ከሥሩም ሌላ ተክል አለማብቀሉን ይነቅፉበታል፤ ነቀፋውም እውነት ነው። የእንጦጦ ጫፍ የውኃ መለያ ነው፤ በስተ ደቡብ የወረደው ዝናም በቀበናና በግንፍሌ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በስተ ሰሜን የወረደውም ወደ ዓባይ ይጓዛል። እንዲህ ባለ ስፍራ አፈሩን የሚይዝ ሣርና ቍጥቋጦ ሲጠፋ በከተማው ውስጥ ያለው ወንዝ በክረምት ምን እንደሚሆን በድልድዩ አጠገብ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በዚያ በ1880ዎቹ ዘመን ኢንጂኔር አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ስቦ እስከ ቤተ መንግሥቱ ባደረሰ ጊዜ ሕዝቡ በመደነቅ አይቶት ነበር። ተራራው ያን ጊዜ የውኃ ጌታ ነበር። ይህን ሁሉ ተቀብለን ግን አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ዛፉን የሚነቅፍ ሰው እናቱ በምን እንጀራ ጋግራ እንዳሳደገችው ይጠይቅ።

ይህን ያልንበት ምክንያት አለን። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከዚህ ተራራ ጫፍ ተሸክመው ለከተማው ምጣድ ያደረሱት ሴቶች ናቸው። ወገባቸው እስከ ጕልበት ጐብጦ፥ ከራሳቸው ቁመት የረዘመ ሸክም ተሸክመው በሽሮ ሜዳ ቍልቍለት ሲወርዱ ያላያቸው አዲስ አበቤ የለም። የከተማው ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታቱ ይነሣሉ፤ የውጭ አገር መሐንዲሶች ይነሣሉ፤ የነዚህ ሴቶች ነገር ግን አይነሣም። የጥበቃ ሠራተኛ ሲያባርራቸው ጥለው የሮጡት ሸክም ለቤታቸው የዕለቱ ራት ነበር።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ለኛ ከሁሉ ይልቅ ልብ የነካን የቤቱ የኋለኛው ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕመማቸው ዘመን መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው የነበሩት፥ በዐድዋው ዘመቻም የመቀሌው የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያዝበት ምክር ያቀረቡት እቴጌ ጣይቱ ከዚያ በኋላ በግቢው መቆየት አልተፈቀደላቸውም። ወደ እንጦጦ ወጡ። ብርዱን ጠልተው የለቀቁት ተራራ፥ የመጨረሻ ዘመናቸውን የገፉበት ማረፊያ ሆነ።

አንባቢ እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት ያስብ። ከቤቱ ደጃፍ ጥቂት ራመድ ብሎ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ከተማይቱ በሙሉ ከእግሩ በታች ትታያለች። ስሟን ያወጡላት፥ የመጀመሪያውን ቤት ያሠሩባት፥ በስማቸው የሚጠራውንም ሆቴል ያቆሙባት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ከላይ ሳሉ ከተማይቱ ማደጓን አልተወችም፤ ባቡር እንኳ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. እቴጌይቱ በእንጦጦ ሳሉ ነው። ወደ አባቶቻቸው አገር ወደ ጎንደር ሄደው ለመኖር ፈቃድ ጠይቀው እንደ ተከለከሉ ይነገራል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በታዕካ ነገሥት በዓታ ገዳም ከባለቤታቸው ጋራ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ፓርኩ ሄድን። ሐሜት ይዘን እንደ ሄድን አንሸሽግም፤ የታሪክን ተራራ መዝናኛ አደረጉት ልንል ተዘጋጅተን ነበር። ስናየው ግን አሳባችን ተለወጠ። መንገዱ በድንጋይ ተነጥፎአል፤ ቍልቍለቱ በአበባና በሣር ተይዞአል፤ በባሕር ዛፉ መካከልም የአገራችን ዛፎች ችግኝ ተተክሎ አየን። ጥድ ወደ እንጦጦ የሚመለስ ከሆነ የመቶ ዓመት ዕዳ መከፈል ጀመረ ማለት ነው። ልጆች ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎች በወንበር ተቀምጠው ይነፍሳሉ። ይህን የሚጠላ ማን ነው?

ቅሬታችን አንድ ብቻ ነው። በፓርኩ ካገኘናቸው ወጣቶች አንዳንዶቹን ቤቱን አይታችሁታል ወይ ብለን ጠየቅናቸው። «የቱን ቤት?» አሉን። ተማሪዎች ናቸው፤ የዐድዋን ዓመተ ምሕረት ጠይቀናቸው ያለ ስሕተት ነግረውናል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እንጦጦ ይዘው በወጡ ጊዜ ግማሹን ሰዓት ለፈረሱ፥ ግማሹን ደግሞ ለሣር ክዳኑ ቤት ቢያደርጉት ምን ይጎዳቸዋል? ባልደረባችን «ይኸው ብቻ ነው?» ያለውን ጥያቄ እነርሱም በሩ ላይ ቆመው ቢጠይቁት ደግ ነው፤ መምህሩ የሚመልሰው ነገር ያገኛልና።

ከሰዓት በኋላ ስንወርድ ጭጋግ ተራራውን መጫን ጀምሮ ነበር። በመታጠፊያው ላይ ሦስት ሴቶች ቅጠል ተሸክመው መንገዱን ይዘዋል። ሹፌራችን ጡሩንባ ሳይነፋ ፍጥነቱን ቀንሶ እስኪያልፉ ጠበቃቸው። አንደኛዋ ሸክሟን በድንጋይ አጥሩ ላይ አስደግፋ እጇን አነሣችልን።