ዓባይን በጣና ደጃፍ መሻገር

ዓባይ ከጣና ሲወጣ የተረጋጋና ሰፊ ነው፤ ቁጣው የሚታወቀው ጢስ ዓባይ ደርሶ ሲወረወር ነው። ለመሻገር ግን ይህ እርጋታ የሚያታልል ነበር። የጥንቱ ባላገር በዚህ በኩል የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ሲሆን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የታነጸው የድንጋይና የኖራ ድልድይም የቆመው እዚህ ሳይሆን፣ ወንዙ በዓለት መካከል በሚጠብበት በፏፏቴው አካባቢ ነው። ወንዙ ራሱን ያጠበበበትን ሥፍራ ማወቅ የዚያ ዘመን ግንበኛ ግማሽ ሙያ ነበር።

ከተማ እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ባሕር ዳር የተቆረቆረችው ውኃው በሰፋበት ነውና ድልድዩ ወደ እርሷ መምጣት ነበረበት። የመጀመሪያው ዘመናዊ ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈውን ጭነት ተሸከመ፤ ለትንሽ ከተማ የተሰፋ ልብስ ስለነበረ ግን ከተማዋ ስታድግ ጠበባት።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ተቋራጩ የቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ነበር። የንድፉ ብልሃት በአጫጭር ምሰሶዎቹ ላይ ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። በረጃጅም ማማዎች ላይ በሚንጠለጠል ድልድይ አብዛኛውን ክብደት ገመዱ ይይዛል። እዚህ ግን ወለሉ ራሱ ጠንካራ ተሸካሚ ነው፤ ከአጭሩ ምሰሶ ዘንበል ብለው የሚወርዱት የብረት ገመዶች ወለሉን አንቀው በመጭመቅ ስንጥቁን ይከላከሉታል። የሥራው ክፍፍል ይህ ነው፦ ገመዱ ያግዛል፣ ወለሉ ይሸከማል። በዚህ ምክንያት ድልድዩ በሐይቁ ዝርግ አድማስ ላይ አይንጠራራም፤ ለዓይንም የሚስማማው ስለዚህ ይመስላል።

ግንባታው የተካሄደው ወረርሽኝና ጦርነት በተፈራረቁባቸው ዓመታት ነበር፤ ምረቃውም ክልሉ በግጭት ውስጥ ሳለ ዋለ። ፌሮ ያሰሩትና አርማታ ያፈሰሱት ሠራተኞች በዚህ ሁሉ መካከል ነው የሠሩት። የጥንቱ ድልድይ በንጉሥ ስም ይታወሳል፤ የእነዚህን ስም መዝግቦ የሚያኖር ቢገኝ የታሪክ ጸሐፊ ያመሰግነው ነበር።

ባሕር ዳር ከቀድሞ ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት። አዲሱ ድልድይ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለብስክሌተኛውና ለእግረኛውም የየራሳቸውን መንገድ ለይቶላቸዋል።